ሙሽራዋን የሚጎትት መኪና ገዝቻለሁ

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ ኤፈርት፣

እንደምን ከረምክ? ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ? ባለቤትህ ዶሪን ባለፈው ስትደውል ጠዋት ጠዋት ካልሲ ማጥለቅ አቅቶታል ብላኝ ነበር፤ አሁን ሻል ብሎህ ይሆን? እዚያ አልበርታ በረዶው ቀልጦ ላሞቹ ወደ ሜዳ ወጡ ወይስ ገና በረት ውስጥ ናቸው? ልጅህ ክላስስ? ትንሿ የልጅ ልጅህ ኢልሰስ ጥርስ አበቀለች? እኔም፣ ልጄ ፌምከም፣ ከዚህ ከማያባራ ዝናብ በቀር ደህና ነን። ባሕር ማዶ ከሄድክ ጀምሮ ናፍቆትህ አንድም ቀን አልቀነሰልኝም፤ ይህን አስቀድሜ የምነግርህ ቀጥሎ የምጽፈውን ስታነብ እንዳትረሳው ብዬ ነው።

ጋሼ፣ ተናድጄብሃለሁ። የአባባን የመንገድ ኦርጋን፣ መንኮራኩሯ ሲዞር የምትዘምረውን ሰማያዊቷን ሙሽራችንን፣ «ለሆቴል ሰጥቻታለሁ፣ ሰውየው ሰኞ በጭነት መኪና መጥቶ ይወስዳታል» አልከኝ። ሰጥቻለሁ! ሳትጠይቀኝ! አባባ የተዋት ለሁለታችን አልነበረም እንዴ? ያ ሰውህ አስቀድሞ ሊያያት መጥቶ ነበር። ዙሪያዋን ዞሮ ዞሮ «ትጮሃለች እንዴ?» አለኝ። ኦርጋን ናትና ትጮሃለች አልኩት። «እንግዳ መቀበያው ጥግ እናቆማታለን፣ አበባ እናስቀምጥባታለን፤ ባትጮህ ይሻላል» አለ። በመንገድ ኦርጋን ላይ የአበባ ማስቀመጫ! አባባ ይህን ቢሰማ በመዳብ የሳንቲም መሰብሰቢያ ጣሳው አናቱን ባለው ነበር።

ሙሽራዋን ይጎትት የነበረው አሮጌው የጭነት መኪና እንደሞተ፣ እኔም ስልሳ ሦስት እንደሞላኝ ጽፈሃል። በየከተማው እየዞርሽ የት ልታድሪ ነው፣ ደግሞስ ዛሬ ማን ይሰማታል ብለሃል። እንግዲህ ስማኝ፤ ውስጡ አልጋና ምድጃ ያለው፣ ከኋላው ሙሽራዋን ከነተሳቢዋ የሚጎትት አሮጌ መኪና ገዝቻለሁ። እንዴት እንደመረጥኩት ልንገርህና ከዚያ በኋላ እንደፈለግህ ተቆጣ።

ጎረቤቴን ባረንድን ታስታውሰዋለህ፣ ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲጠግን የኖረውን። እሱን ይዤ አቶ ዋልራቨን ወደሚባሉ ጡረተኛ ርእሰ መምህር ቤት ሄድኩ። የሚሸጡት መኪና ነጭ፣ ረጅም፣ እንደ ሆስፒታል የጸዳ ነው። ገና ሳንገባ ጫማችንን አስወለቁን። ባለቤታቸው ቡና ቀዱልን፣ አንዳንድ ብስኩት ሰጡንና የብስኩቱን ቆርቆሮ ወዲያው ከደኑት። ስሕተታችን ከአልጋው መጀመራችን ነበር። ጋሼ፣ ሙቅ ውሃ ያለው መታጠቢያ አለው! ባረንድ «እስቲ ልሞክረው» ብሎ ጋደም አለና ማንኮራፋት ጀመረ። እኔም መጋረጃውን ስከፍት ስዘጋ፣ መሳቢያውን ስስብ ስመልስ ሙሽራዋን ረሳኋት። መንጠቆ አለው ወይ አልኩ፤ አለው አሉኝ፤ አበቃ። መንጠቆ ያለው ሁሉ የሚጎትት መስሎን!

ደግነቱ ከመክፈሌ በፊት ልቤ መለስ አለና፣ ሙሽራዋን ከኋላው አስረን ወንዙን እንሻገር አልኩ። ይህ አገር ጠረጴዛ ነው፤ ዳገት ብትፈልግ ያለህ መኪና የምታሻግረው ጀልባ መውጫ ብቻ ነው፣ ወደ ዴቨንተር ገበያ የምሻገረውም በዚያው ነው። አቶ ዋልራቨን «ይሄማ ምን አላት!» ብለው፣ የሚስታቸውን ትራሶች አደራ እያሉኝ አጠገቤ ተቀመጡ።

ዝናብ ጥሎ መሬቱ ረጥቧል። ማዶ ስንደርስ የጀልባዋ መዝጊያ ወረደ፤ ፍሪሲዮኑን ለቀቅ አድርጌ ነዳጅ ሰጠሁ። የፊት ጎማዎቹ ጮኹ፣ ጨሱ፣ ንቅንቅ ግን የለም። ለካስ መኪናው የሚሄደው በፊት ጎማዎቹ ነው፣ ጭራው ደግሞ ከኋላ ጎማው አልፎ እጅግ ረጅም ነው። ሙሽራዋ ጭራው ላይ ስትከብድበት ፊቱ ቀለለ፤ ወፍራም ሰው ከኋላ ያፈናጠጠ ብስክሌት ዳገት ላይ እንደሚሆነው ማለት ነው። መኪናው ዳገቱ ላይ፣ ሙሽራዋ ገና ጀልባዋ ላይ ሆነው ቀሩ።

«ሴትዮ፣ እዚህ ልትሰፍሪ ነው እንዴ? ውጪልኝ!» አለ ባለጀልባው። «ብችል ያንተን ፊት እያየሁ የምቆም ይመስልሃል?» አልኩት። ከኋላ የቆሙት ብስክሌተኞች በሳቅ ፈረሱ። ቦቲ ጫማ ያደረገች አንዲት ወይዘሮ «ላም ነው እንዴ የጫንሽው?» አለችኝ። ሙሽራ ናት አልኳት። «ታዲያ ምነው እንዲህ ወፈረችብሽ?» አለች።

ባረንድ ትራክተር ያለው ገበሬ ፍለጋ በእግሩ ሄደ። እኔም ቆሜ ከምሰደብ ብዬ ሸራውን ገለጥኩ፣ ዜማው የተቀረጸበትን የተበሳሳ ካርቶን አስገባሁ፣ መንኮራኩሩን ማዞር ጀመርኩ። ማንም አይሰማትም ያልከኝን ቃል እዚህ ላይ አስታውስልኝ። ስልክ የያዘ ሁሉ ስልኩን አወጣ። ወይዘሮዋ ከነቦቲዋ ጨፈረች። አንድ ሽማግሌ «እኔ ወንዝ ዳር የመጣሁት ጸጥታ ፍለጋ ነው» ብለው ሲያማርሩ፣ ብስክሌተኞቹ «እንግዲያው በዋና ይሂዱ» አሏቸው። ባለጀልባውስ ብትል፣ የሞተሩ ጩኸት ድምጿን ሲሸፍንበት ሄዶ ሞተሩን አጠፋ። በኋላ ግን እጥፍ አስከፍሎኛል፤ ውለታ የሚያውቅ ፍጡር አይደለም።

አልዋሽህም ጋሼ፣ ሦስተኛው ዜማ ላይ ትከሻዬ እምቢ አለ። ወይዘሮዋ «እስቲ እኔ» ብላ ተቀበለችኝ። እንደ ቡና መፍጫ ስታሽከረክራት ጊዜ «ቀስ በይ! አንድ ዓይነት አድርገሽ! ምን ያጣድፍሻል!» እያልኩ ጮህኩባት። አንተ ልጅ ሳለሁ ትጮህብኝ እንደነበረው።

ትራክተሩን ይዞ የመጣው ገበሬ ቴውኒስ ይባላል። ጎትቶ አወጣን። አቶ ዋልራቨን ፊታቸው ቲማቲም መስሎ «መኪናዬን በሰው ፊት አዋረድሽብኝ፤ ብትለምኚኝም አልሸጥልሽም» አሉኝና ሙሽራዋን እዚያው አስፈትተው፣ ትራሳቸውን ጭነው ሄዱ። ቴውኒስ ራሱን እያከከ «ከጎተራዬ ጀርባ የሟች ወንድሜ መኪና ቆሟል። አስቀያሚ ነው፤ ግን ፈረሶቹን የሚጎትተው በሱ ነበር» አለኝ።

አስቀያሚ ማለቱ አክብሮት ነው። ቀለሙ የሰናፍጭ፣ ሽታው የእርጥብ ውሻ፣ አልጋው ጠባብ፣ መታጠቢያ የሚባል ነገር የለውም። በዚህኛው ግን ከአልጋው አልጀመርኩም። ጭቃው ላይ በጀርባዬ ተኝቼ ከሥሩ ገባሁ፣ ሻንሲውን ከፊት እስከ ኋላ በመዶሻ እየነካሁ አዳመጥኩ። ዝገት የበላው ብረት ድምፁ ይታፈናል፤ ይሄ ጥርት ብሎ መለሰልኝ። መንጠቆው የታሰረው በራሱ በሻንሲው ላይ እንጂ በኋላ በተቀጠለ ብረት ላይ አይደለም። የሚገፉት የኋላ ጎማዎቹ ናቸው፣ በየጎኑ ጥንድ ጥንድ፣ ጭራውም አጭር ነው። ሙሽራዋ ስትጫነው ጎማዎቹ መሬቱን ይበልጥ ቆንጥጠው ይይዛሉ።

ሙሽራዋን ከኋላው አስረን በዚያው ዳገት እስከ ውሃው ድረስ አወረድነው። ባለጀልባው እጁን አጣምሮ «ደግሞ መጣሽ?» አለ። ወጣ ጋሼ! እያጉረመረመ ወጣ፣ አንድ ጊዜ እንኳ አልተንሸራተተም። ከዚያ ቴውኒስና እኔ እንደ ከብት ገበያ መዳፍ ለመዳፍ እየተማታን በዋጋው ተከራከርን፣ መዳፌ ሲቀላ ተስማማን። የኋላ ማርሹ ካልተሰደበ አይገባም፤ ይህንንም አልደብቅህም። ባረንድ አሁንም ያንን መታጠቢያ እያነሳ ይቆጫል። ፌምከ ደግሞ «እማዬ፣ የት ልትታጠቢ ነው? ሰውስ ምን ይላል?» አለችኝ። በየከተማው መዋኛ አለ፣ ሰውም ያሻውን ይበል አልኳት።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ዴቨንተር እነሳለሁ፣ ከዚያም ወደ ሰሜን። ሰኞ ሰውህ ሲመጣ የሚጠብቀው ባዶ መጋዘን ነው። ይህ ደብዳቤ በኢሜይል ዛሬውኑ ይደርስሃል፤ ቃል የሰጠኸው አንተ ነህና ደውለህ አንተው ንገረው፤ እኔ በአንተ ስም ይቅርታ አልጠይቅም። አልሰጥም፣ አልፈርምም፣ አላቆማትም።

ግማሿ ያንተ ናት፤ ክጄህ አላውቅም፣ ዛሬም አልክድህም። ግን አባባ ሕዝቡ መሐል ጣሳውን ሲያንቀጫቅል መንኮራኩሩን የሚያዞረው ማን ነበር? አንተ አይደለህም? እኔ ከአንተ እጅ ነው የተማርኩት። ያንተ ድርሻ ማዞሩ ነው እንጂ፣ ሆቴል ጥግ ዝም ብሎ የሚቆም ዕቃ አይደለም። «ላሳርፍሽ ብዬ ነው» ብለሃል። ትከሻዬ የሚችለው ሦስት ዜማ ነው፤ ልታሳርፈኝ ከፈለግህ መጥተህ አራተኛውን አዙር።

ዶሪንን ሳምልኝ፤ ስለላከችልኝ ሹራብ አመስግንልኝ። ለክላስና ለባለቤቱ ሰላምታዬ ይድረሳቸው። ኢልሰን ጉንጯን ሁለቴ ሳምልኝ። ባረንድና ፌምከም እጅ ይነሳሉ፤ ፌምከ ግን «እኔ የለሁበትም በይው» ብላለች። ለአንተ የምሰናበትበት ቃል አልጽፍም። ገና መች ተለያየንና።

እምቢተኛዋ እህትህ
ያንቲና

ዙትፈን፣ ኤፕሪል 9 ቀን 2015