ከገመዱ ውስጥ ለጨረሩ ባለቤት

ጨፋ ሮቢት፣ ኅዳር 2001 ዓ.ም.

ለተከበሩ የአደገኛ ኬሚካል ክትትል ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት፣ ማለትም ከሁለት መቶ ሜትር ወዲያ

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ጤናዎን፣ ዕድሜዎንና በተለይም ርቀትዎን ይጠብቅልን። እኔ ጊዜው ያለፈበት የአንበጣ መርዝ ከተከማቸበት የመንግሥት መጋዘን ጎን የምኖር ዘሊካ ሙሀመድኑር ነኝ። ባለሙያዎችዎ ከማዶ ጉብታ ላይ መሣሪያ ተክለው፣ የመጋዘኑን በር እንኳ ሳይነኩ፣ በሌዘር ጨረር ብቻ መርዙ እየተነነ መሆኑን ስላወቁልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እኛ አሥራ አንድ ዓመት ሽታውን ስናመለክት አፍንጫ ማስረጃ አይሆንም ተብለን ነበር።

1ኛ. በዚያው ቀን በሁለት መቶ ሜትር ዙሪያ ገመድ አስወጥረው፣ መጋዘኑ እስኪጸዳ ሰው እንዳይገባም እንዳይወጣም ማዘዝዎ ብልህነት ነው። ሆኖም እኔ፣ እህቴ ኡሚና ሕመምተኛው አባታችን ከመርዙ ጋር ገመዱ ውስጥ ቀረን፤ ዛሬ ሠላሳ አራተኛ ቀናችን ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ሲባል ሰምተን ነበር፤ የእኛ የቅርብ ጎረቤት መርዙ፣ የሩቅ ዘመዳችን እርስዎ ሆኑ። ዘበኛዎ ግን ጨዋ ነው፤ ውኃውን በረጅም እንጨት ይገፋልናል።

2ኛ. ቀበሌው ያነበበልን ሪፖርት ከመሣሪያው እስከ መጋዘኑ «በመካከል ምንም ነገር የለም» ይላል። ጨረሩ ያለፈው በግቢያችን ላይ ሲሆን አባቴ ያን ጊዜ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። «ምንም» መባሉን ስነግረው ሳቀ፤ ከዚያ ሳሉ ያዘው።

3ኛ. አባቴ አርባ ዓመት በቅሬያችን፣ በቀብር ዕድራችን፣ የሰፈሩን ሬሳ ሲሸከም፣ ከቀብር የቀረውንም ሲያስቀጣ የኖረ ሰው ነው። አሁን እሱን ማን እንደሚሸከመው በየቀኑ ይጠይቀኛል። ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለት ሴቶች ነን፤ የቅሬው ወንዶችም ገመድዎን ይፈራሉ። ክቡርነትዎ፣ ፈርቻለሁ፤ ይህን በጨዋ ቃል ማስጌጥ አልቻልኩም። ወይ ሐኪም ይግባልን፣ ወይ እኛ እንውጣ።

በጎ ፈቃድዎን ከሁለት መቶ ሜትር ለማየት አንገቷን አስግጋ የምትጠባበቅ፣ ጨረርዎ አልፏት የሄደ ታዛዥዎ፣
ዘሊካ ሙሀመድኑር

ግልባጭ፦ ለቅሬያችን አባላት፤ ለጨፋ ሮቢት ገበያተኛ በሙሉ

በኋላ የተጨመረ፦ ይህ ደብዳቤ ሳይላክ፣ ትናንት ከዙሁር ሶላት በፊት አባቴ ሞተ። የቅሬው ሰዎች መጥተው ከገመዱ ማዶ ተሰለፉና ከሩቅ ሰገዱበት፤ ከባለሙያዎችዎ ተምረው መሆን አለበት። ከዚያ እኔና ኡሚ ቃሬዛውን እስከ ገመዱ ተሸክመን አቀበልናቸው። ትእዛዝዎን ጥሶ የወጣ እሱ ብቻ ነው። ቅጣት ካለው በእኔ ይሁን፤ አድራሻዬን ያውቁታል፣ የትም አልሄድኩም።