አርሴና የልጄ ስም

መጋቢት 8 ቀን 2015፣ አርብ

ቢሮ ዋልኩ። አሥራ አንድ ልደት፣ ሁለት ጋብቻ፣ አንድ ሞት። የወሳኝ ኩነት ሥራ ይኸው ነው፤ ተወለደ፣ አገባ፣ ሞተ ብሎ መጻፍ። አንዱ አባት ልጁን በኳስ ተጫዋች ስም «ሃላንድ» ብሎ ሊያስመዘግብ መጣ። እናትየዋ አጠገቡ ቆማ መሬት መሬት ታያለች። ተስማምታችኋል ወይ ብላት «ምን ላድርግ» አለችኝ። ጻፍኩት። ሥራዬ መጻፍ ነው እንጂ ማልቀስ አይደለም።

ቤት ስገባ ባሌ ጀላል አኩርፏል። ከእኔ ጋር ተጣልቶ እንዳይመስል... ትናንት ማታ አርሰናል በአውሮፓው ውድድር በፍጹም ቅጣት ምት ተሸንፎ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ የሚመላለስበት ሚኒባስ የኋላ መስታወት ላይ የቡድኑን አርማ ያንን መድፍ ለጥፎ ስለሚዞር ተሳፋሪው ሁሉ ሲቀልድበት ውሏል። እራት ላይ ግን ተጽናና። «ጥሩ ሆነ፤ አሁን ሙሉ ሐሳባቸውን ሊጉ ላይ ያደርጋሉ» አለ። ይህን ያህል ተስፋ ለሚያፈሰው ጣሪያችንም ቢኖረው።

ሰባተኛ ወሬን ይዣለሁ። ሴት ናት ተብያለሁ። ስሟንም አውቀዋለሁ። ሱዓድ። አምና በኩላሊት ያጣኋት የእህቴ ስም ነው። ለጀላል አንድ ቀን ነግሬው ዝም አለ። ዝም ያለበት ምክንያት አይጠፋኝም። በእነሱ ቤት አባታቸው ከሞተ ወዲህ ለልጅ ስም የሚያወጣው ታላቅ ወንድም ነው። እሱም አያ አሚር ነው፣ ኮምቦልቻ ጎሚስታ ቤት ያለው። የመጀመሪያዋን ልጃችንን መዲና ያላት እሱ ነው። ያኔ ሐጅ ሊሄድ ነበር። ሳይሄድ ቀረ። ስሙ እኛ ቤት ቀረ።

መጋቢት 10፣ እሁድ

ረመዳን ሳይገባ ብለው ዛሬ ወዳጃ አደረጉልኝ። የሰፈሩ ዱበርቲዎች፣ እናቶቹ ሁሉ፣ ተሰብስበው በሰላም እንድገላገል ዱአ ሲያደርጉ ዋሉ። የመሩት የጀላል አክስት እትዬ ዘይቱና ናቸው። ወንዶቹ በሌላው ክፍል በስልክ ኳስ ያያሉ። አርሰናል አራት ለአንድ አሸነፈ። እኛ «አሚን» ስንል እነሱ «ጎል» ይላሉ።

መሐል ላይ ጀላልና አሚር ገብተው እትዬ ዘይቱና ፊት ተንበረከኩ። ሁለታችን የያዝነው ነገር አለ፣ ዱአ ያድርጉልን አሉ። እሳቸው ወንድማማቾቹ በጋራ ንግድ ሊጀምሩ መሰላቸው። እጃቸውን ዘርግተው «የያዛችሁትን አላህ ያጽናላችሁ፣ ቃሉን ያፈረሰ ቤቱ ይፍረስ» አሉ። ቤቱ ሙሉ አሚን አለ። እኔም አልኩ። ጮክ ብዬ።

ማታ ስጠይቀው ቀለል አድርጎ ነገረኝ። ለካ ተወራርደዋል! አርሰናል ሊጉን ከወሰደ የልጄን ስም ጀላል ያወጣል። ተፎካካሪው ሲቲ ከወሰደ አሚር ያወጣል። ገንዘብ ስለሌለበት ቁማር አይባልም አለኝ። ፍየል የሚገዛ ሰው እንኳን መጀመሪያ ባለቤቷን ይጠይቃል።

አንተ ከረታህ ማን ልትላት ነው አልኩት። «ሲደርስ ትሰሚያለሽ።» ገባኝ። በአርሰናሉ ተጫዋች ስም ቡካዮ ሊላት ነው። ሴት ስለሆነች ምናልባት ቡካያ...

መጋቢት 11

እትዬ ዘይቱና ጋ ሄድኩ። ነገሩ ኳስ ነው ስላቸው ክው አሉ። «ኳስ መሆኑን ባውቅ ዱአ ቀርቶ ውሃም አላጠጣቸው» አሉ። ታዲያ ያፍርሱት ስላቸው ግን አይሆንም። በነፍሰ ጡር ላይ አሚን የተባለበት ነገር አይፈርስም፣ ጦሱ ለጽንሱ ይተርፋል አሉኝ።

እኔ በእንደዚህ ዓይነት ነገር አላምንም። ሞክሬ ግን አላየውም።

መጋቢት 23፣ ቅዳሜ

አሁንም አራት ለአንድ። በስምንት ነጥብ ይመራሉ። ጀላል ማልያ ለብሶ አፈጠረ። «አለቀ» አለ፣ ገና ዘጠኝ ጨዋታ ቀርቶ። የቢሮ ባልደረባዬ አግማስ ደግሞ ሲቲ ተስተካካይ ጨዋታ አለው ይለኛል። ምን እንደሆነ አስረዳኝ። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ለዚህ ነበር ማለት ነው...

ሚያዝያ 2፣ ሰኞ

ሰሞኑን ከተማው ደህና አይደለም። መንገድ ተዘጋግቶ ሁላችንም ቤት ነን። ትናንት ጨዋታው የጀመረው ልክ አዛን ሊል ሲል ነው። ቴምር በአንድ እጅ፣ ሪሞት በሌላው። ሁለት ለባዶ ሲመሩ ሾርባ ደገመ። ሁለት ለሁለት አለቀ። «ሊቨርፑል ሜዳ ላይ አንድ ነጥብ ትልቅ ነገር ነው» አለ። ትልቅ ነገር ከሆነ ለምን ተራዊህ ሳይሰግድ ተኛ?

ሚያዝያ 8፣ እሁድ

ፋሲካ። ጎረቤታችን የኔነሽን እንኳን አደረሰሽ ልንል ሄድን። ባሏ ደጉም አርሰናል ነው። ሃምሳ አምስት ቀን ጾሞ ዛሬ የፈታው ደጉና እስኪመሽ የሚጾመው ጀላል አንድ ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጡ። በአሥር ደቂቃ ሁለት ለባዶ። ተቃቀፉ። ከዚያ ፍጹም ቅጣት ምት ስተው ሁለት ለሁለት ወጡ። የፈታውም የጾመውም እኩል ጠወለጉ። የኔነሽ «ለዚህ ነው ዶሮ የሠራሁት?» አለችኝ በጆሮዬ።

ሚያዝያ 14፣ ቅዳሜ

ትናንት ዒድ ነበር። ማታ ሦስት ለሦስት ወጡ። ከማን ጋር? ከሊጉ መጨረሻ ጋር። ፋሲካንም ዒድንም እኩል ያበላሸ፣ በሃይማኖት የማያዳላ ቡድን። ለወሎ የተፈጠረ ነው።

ዛሬ ዒድ ልጠይቅ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ያወረደኝ ራሱ ጀላል ነው። ጋቢና አስቀምጦ፣ ጉድጓድ ባየ ቁጥር ቀስ እያለ። ተሳፋሪው ቢያጉረመርም «ነፍሰ ጡር ይዣለሁ» ይላል። አሚር ቤት በር ላይ አውርዶኝ ወደ መናኸሪያ ዞረ። እኔ ደግሞ ልከዳው ገባሁ።

የአሚር ሚስት ከጓዳ እስክትመለስ አልጠበቅኩም። «አያ አሚር፣ የልጄን ስም ለእኔ ይልቀቁልኝ» አልኩት። ሳቀ። ረዥም ሳቅ፣ እንባውን እስኪጠርግ። ምኑ እንደሚያስቅ አልገባኝም፣ ተናደድኩ። «ሱሀይላ፣ ማን ልትያት ነው?» አለኝ። የእህቴን ስም ስነግረው ሳቁን አቆመ።

«ውርርዱ አይፈርስም፣ አሚን ተብሎበታል» አለኝ። «ሲቲ ከወሰደ ግን ድርሻዬ ያንቺ ነው። ለጀላል የምትነግሪው ራስሽ ነሽ። እኔ ባልና ሚስት መሐል አልገባም።»

እስከ ዛሬ ሲገባ የኖረው ማን ነበር? አላልኩትም። እጁን ስሜ ወጣሁ።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የሲቲ ደጋፊ ነኝ። ያረቢ። ጀላልን ነገ እነግረዋለሁ።

ሚያዝያ 15

አልነገርኩትም።

ሚያዝያ 19፣ ሐሙስ

ሲቲ አራት፣ አርሰናል አንድ። ትናንት ማታ እርስ በርሳቸው ነበር የተጫወቱት። ጀላል ግድግዳውን እያየ ቀረ። ራሱን እያሸሁ «አብሽር» እለዋለሁ፣ በሌላው እጄ አፌን በሻርፔ ሸፍኜ። ጎል በገባ ቁጥር ልጅቷ ሆዴ ውስጥ ትራገጣለች። እሷም የሲቲ ሳትሆን አትቀርም። ሁለት አስመሳይ ሙናፊቆች አንድ ቀሚስ ውስጥ...

ነገ እነግረዋለሁ። ትንሽ ይረጋጋ።

ሚያዝያ 27

ዛሬ ቢሮ ውስጥ የጎል ልዩነት ምን እንደሆነ ለአግማስ ያስረዳሁት እኔ ነኝ። ባለጉዳዩ ተሰልፎ ይሰማል። አንድ ሽማግሌ «የኔ ልጅ፣ ለመሆኑ ሲቲ ይወስዳል?» ብለው ጠየቁኝ። ኢንሻአላህ አልኳቸው።

ግንቦት 7፣ ሰኞ

በሜዳቸው ሦስት ለባዶ ተሸነፉ። ሲቲ መሪ ሆኗል። ጀላል እራት አልበላም፣ ጠዋትም ቁርስ ሳይበላ ወጣ። አንድ ስም እኮ ነው አልኩት። «አንቺ አታውቂም» ብሎኝ በሩን ዘጋ።

ምንድን ነው የማላውቀው? የሚቀጥለው ዓመት የለም እንዴ? እነዚህ ሰዎች ሃያ ዓመት ሊሞላቸው ነው የሊጉን ዋንጫ ካነሱ። እስካሁን አልሞተም።

ግንቦት 12፣ ቅዳሜ

አለቀ። አርሰናል በፎረስት አንድ ለባዶ ተሸንፎ ሲቲ ቁጭ ብሎ ሊጉን ወሰደ። ልቤ ጮቤ ረገጠ። ሱዓድ አልኩ፣ ድምፅ ሳላወጣ።

ከዚያ ጀላልን አጣሁት። ወጥቼ ሳይ ሚኒባሱ ውስጥ፣ በተሳፋሪ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ያለቅሳል። የሠላሳ ስድስት ዓመት ሰው። እህቱን ሲድርም፣ አባቱን ሲቀብርም ሲያለቅስ አላየሁትም። ለማያውቁት አሥራ አንድ ሰዎች? ልስቅበት አፌን ከፈትኩ። ሳቁ አልመጣ አለኝ። ተመለስኩ። ዛሬም አልነገርኩትም፣ እንዴት ብዬ?

ግንቦት 17፣ ሐሙስ

ትናንት ጠዋት ተገላገልኩ። ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ። አልሐምዱሊላህ። የእህቴን ግንባር ይዛ መጥታለች። ፊቴን አዙሬ ስለነበር የተኛሁ መስሎት ጀላል አቅፏት በሹክሹክታ «አፉ በይኝ» ሲላት ሰማሁ። ይቅርታው ለምንድን ነው? ለአርሰናል ሽንፈት?

ግንቦት 20፣ እሁድ

የመጨረሻ ጨዋታቸውን አምስት ለባዶ አሸነፉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ግንቦት 22፣ ማክሰኞ

ሰባተኛ ቀን። ለስም ማውጫዋ አቂቃ ታረደ፣ ዘመድ ሞላ። እትዬ ዘይቱና ልጅቷን ታቅፈው ስም አውጪው ማነው አሉ። ጀላል ቀና ሳይል «አያ አሚር ነው» አለ። ቃል ነዋ። አሚር ጉሮሮውን ጠረገ። «ድርሻዬን ለሱሀይላ ከሰጠሁ ቆይቻለሁ፣ ከዒድ ማግስት ጀምሮ ስሙ የእሷ ነው» አለ።

«ሱዓድ» አልኩ። እናቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

ጀላል አየኝ። መጀመሪያ ፊቱ በራ፣ እውነቴን ነው፣ እንደ ሕፃን በራ። ከዚያ ማስላት ጀመረ።

«ከዒድ ማግስት ጀምሮ?»

«አዎ።»

«አራት ለአንድ ጊዜ... ራሴን እያሸሽ አብሽር ስትዪኝ...»

«አዎ።»

ተነስቶ ወጣ። ሥጋውን እንኳን አልቀመሰም።

አሚር ሲሰናበተኝ ጎንበስ ብሎ ይህንንም እወቂ አለኝ። ከወዳጃው በፊት ጀላል ኮምቦልቻ ድረስ ወርዶ ለምኖት ነበር። «የዚህችን ልጅ ስም ለሱሀይላ ልቀቅላት» ብሎ። አሚር ነው በነፃማ አይሆንም፣ አርሴህን ካመንክ ተወራረድ ያለው። ቀልዱን። ጀላል የምሩን ያዘው። ቢረታ ስሙን አምጥቶ ሊሰጠኝ፣ ቢረታ ብቻ። ቢሸነፍ ደግሞ ሁለተኛ እንዳላዝን እንዳይነግረኝ ወንድሙን አስምሎታል። የዒድ ማግስቱ ሳቅ አሁን ገባኝ።

ሁለት ወር ሙሉ ባሌ የእኔን ስም ይዞ ሲዋጋ እኔ ከዒድ ወዲህ ከተቃራኒው ጋር ተሰልፌ ነበር። ለሰው ምን ተብሎ ይነገራል? ለራሴም እየጻፍኩት አፈርኩ።

ግንቦት 25፣ አርብ

ሦስት ቀን በመዲና በኩል አወራን። «እናትሽን ሻይ ትፈልጊያለሽ በያት።» «አባትሽን አልፈልግም በይው።» የአራት ዓመት ልጅ ደከማት፣ «ራሳችሁ ተነጋገሩ» ብላ ወደ የኔነሽ ቤት ሄደች።

ከጁምዓ ሲመለስ አጠገቤ አስቀመጥኩት። አያ አሚር ሁሉንም ነግሮኛል አልኩት። አንገቱን ደፋ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ስምንት ነጥብ ይመሩ ነበር እኮ» አለ። «ይዤልሽ መጥቼ ልነግርሽ ነበር።»

እኔም ተራዬን ነገርኩት፤ ያፈርኩትን፣ የፈራሁትን፣ ነገ ነገ እያልኩ የቆየሁትን። አንድ ጊዜ ቢጠይቀኝ፣ አንድ ጊዜ ብጠይቀው... ስድስት ዓመት አንድ ትራስ ላይ ተኝተን ሁለታችንም የሄድነው ወደ አሚር ነው። አፉ በለኝ አልኩት። አፉ አለኝ። ግን አላስችል አለው።

«የፎረስት ጎል ሲገባ ደስ ብሎሽ ነበር?»

መዋሸት እችል ነበር። በዚህ አንድ ወር በደንብ ለምጄዋለሁ።

«በጣም» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ልጅቷን ከእቅፌ ወሰዳት፣ ወደ መስኮቱ ወስዶ «ሱዓድ» አላት። ከወጣላት ወዲህ በስሟ ሲጠራት የመጀመሪያው ነው። ደግሞ ጠራት። እኔ እዚያው ተቀምጬ እንባዬ ወረደ፣ መጥረጊያም አልፈለግኩ።

ስለ ባሌ ዛሬ የምቀልደው ነገር አጣሁ። ነገ አይጠፋም። ዛሬ ግን አጣሁ።