የመጀመሪያው አንቀጽ ይሰረዝ

ጥቅምት 5

የተማሪዎቼን ጽሑፍ ሳነብ ዋልኩ። አንገሸገሸኝ። ሁሉም ውስጥ ዝናብ ይዘንባል። ሁሉም ውስጥ አንዲት ቆንጆ ልጅ መስኮት ተደግፋ ታለቅሳለች። ምነው፣ እነዚህ ሰዎች ቤት ሌላ ሥራ የለም? አንዱማ ልቡን እንደ ሻማ አቅልጦ፣ ትንሽ ወረድ ብሎ እንደገና አቀለጠው።

የድርሰት ማሠልጠኛችን ሥራ አስኪያጅ ደግሞ... ማጨብጨብ ስለሚወድ "ጭብጨባ" ነው የምንለው... ምክሬን ኩባያ ላይ አሳትሞ ለተመዘገበ ሁሉ እያደለ ነው። ለእኔም አንድ ደረሰኝ። "ወጣት ደራሲ ሆይ፣ የመጀመሪያውን አንቀጽ ሰርዝ!" ይላል። "ሆይ" ብዬ የማውቅ ይመስል።

እህቴ አይታው ሳቀች። "ሰው አልሰማህ ሲል ይኸው ሊጠጣህ ነው።"

አልሳቅኩም።

ጥቅምት 7

በዚያ ኩባያ ሻይ አይጥምም። ወይስ አፌ ነው የመረረው?

ጥቅምት 12

ዛሬ ክፍል ውስጥ የሆነው ደስ አይልም።

ደንቤ የታወቀ ነው። ማንም ሰው ጽሑፉን ከማንበቡ በፊት የመጀመሪያውን አንቀጽ በቀይ አስምሮ ይሰርዘዋል። ጀማሪ ወደ ነገሩ ከመግባቱ በፊት ጉሮሮውን ስለሚጠራርግ ነው። ዛሬ ግን ሳያቸው፣ የጻፉትን መለስ ብሎ የሚያይ እንኳ የለም። እጃቸው ብቻ ይሰርዛል።

ዝምተኛዋ ተማሪዬ ተነስታ አነበበች። አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ካለው ፎቶ ቤት ነው የምትሠራው፤ የሰው ብጉርና ጠባሳ በኮምፒውተር ታጠፋለች። ጽሑፏ ስለ እናቷ ነው። እናቴ ደግ ናት፣ እናቴ አበባ ናት... ወይ ጉድ።

"ደም የለውም" አልኳት። እንዲሁ፣ በሰው ፊት።

አጠገቧ የተቀመጠው ቀልደኛ ጎንበስ ብሎ፣ "ቆይ፣ የሰረዝሽው ምን ነበር?" አላት።

ወረቀቱን ሳታይ ነገረችው። "እናቴ ከሠርጓ ፎቶ ላይ አባቴን አጥፊልኝ አለችኝ። አጠፋሁት። እጁ ግን ትከሻዋ ላይ ነው። እጁንም ካጠፋሁ ቀሚሷ ይበላሻል። ተውኩት።"



"ለምን ሰረዝሽው ታዲያ?" አልኳት። እኔ! ይህን ጠየቅኩ!

"እርስዎ ሰርዙ አላሉም እንዴ ጋሼ?"

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ጭብጨባ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አንድም ቃል ሳይሰማ አጨበጨበላት።

ጥቅምት 13

ራሴን ተጸየፍኩት። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ጥቅምት 16

ፎቶ ቤቱ ሄድኩ። ምክንያት አላጣሁም፤ ጭብጨባ ለማስታወቂያው ጉርድ ፎቶ አምጣ ብሎኛል።

"ቀና ይበሉ ጋሼ።" አነሳችኝ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ፊቴን አሳድጋ አመጣችው። እንዲህ አርጅቻለሁ?

"ከዓይንዎ ሥር ያለውን ላጥፋልዎት?"

"አትንኪው።"

"ሁሉም ሰው ነው የሚያስጠፋው።"

"ያ የሰረዝሽው አንቀጽ..."

"ወረቀቱን ጣልኩት። መጻፍ አልሆነልኝም ጋሼ። የሚቀረውንና የሚወጣውን መለየት አልቻልኩም። አልመለስም።"

ምን ልበላት? በርቺ? ተስፋ አትቁረጪ? ካርቶን ሙሉ ኩባያ ላይ የሚጻፍ ምክር አፌ ላይ መጣ፣ መለስኩት።

"እኔም አልቻልኩም" አልኳት።

ከገባሁ ጀምሮ ያኔ ገና ቀና ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ፎቶዬን እንዳለ አትማ ሰጠችኝ።

ጥቅምት 19

ዛሬ አትሰርዙ አልኳቸው፤ ማንም አልሰረዘም። ጭብጨባ ተቆጣ። "ኩባያው ላይ ያለውስ?" "ኩባያው ላይ ይቀመጥ" አልኩት።

ትመጣለች ብዬ አላሰብኩም። ትምህርቱ ከተጀመረ በኋላ ገብታ በሩ አጠገብ ተቀመጠች፣ ቦርሳዋን እንዳቀፈች። ተራው ሲደርሳት አነበበች። ያንኑ አንቀጽ ነው፣ እንደገና ጽፋዋለች። መጨረሻው ላይ ግን ያልነገረችን ነበር፦ "እናቴ ፎቶውን ተቀብላ አየችው። እጁን በጣቷ ነካ አደረገችው። ይሄ እንኳ ይኑር፣ አለችኝ።"

ጭብጨባ በሩ ላይ ነበር። እሱ እንኳ አላጨበጨበም።

አንቀጿ ውስጥ አንዲት ትርፍ ቃል ነበረች። ቀይ እስክሪብቶ ኪሴ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም።