ዲስኩ ጭጭ እስኪል

ይድረስ ለምሳሳልሽ ልጄ፤

ካለሽበት ጤናው ይብዛልሽ። እኔ ከድካሜ ጋር ተስማምቼ አለሁ።

ብረታ ብረት ቤታችን እንደነበረ ነው፤ የበርና የመስኮት ሥራ አይጠፋም። ሸሪኬ ጉልቤ ብቻ በስተርጅና ነዝናዛ ሆኗል። ባለፈው መነጽሬን አድርጌ፣ የግራይንደሩን ሽፋን አስተካክዬ፣ የበር ብረት ስቆርጥ ዋልኩ። ስጨርስ አጠፋሁትና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ለካ መቁረጫ ዲስኩ ገና እየዞረ ኖሯል! ዘሎ ሽርጤን ዘነጠለው፤ ሆዴን ለጥቂት ሳተኝ። «ዲስኩ ጭጭ ሳይል ከእጅሽ እንዳታወጪው» እያልኩ ስንቴ ነው የመከርኩሽ? እኔማ ጭጭ ያለ መስሎኝ ነው። ጥፋቱ የጎረቤት ወፍጮ ነው፤ በዚያ ጫጫታ ምን ይሰማል?

ጉልቤ ግን አፉን ጆሮዬ ላይ ደቅኖ፣ «ወፍጮው እኮ ከተዘጋ ከረመ!» ብሎ ጮኸብኝ። ምን አስጮኸው? ከዚያ ወዲህ ግራይንደሩን ቆልፎበት ቀለም ያስቀባኛል። ደክሞኛል፣ አልተከራከርኩትም።

ሰዉም እንደሆነ ዘንድሮ ቃሉን እየዋጠ ነው የሚያወራው። ባለሱቁ ሳይቀር ያንሾካሹካል። ስልኬም እንደ ሰዉ ሆኗል፤ ባለፈው ስትደውዪ «እሺ፣ እሺ» ያልኩሽ እንዳትቀየሚኝ ብዬ ነው። ያልሽውን እስቲ ጻፊልኝ።

በይ ደህና ሁኚልኝ። ስትመጪ በር በማንኳኳት አትድከሚ፤ ሳልቀረቅር ነው የምተኛው፣ ገፍተሽ ግቢ።

አባትሽ