ፉርሽካ የጠገበችው አሳማ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ግንቦት 2004

የሺዬ፣ ደህና ነሽ? ላምሽስ ወለደች?

ልጄ ሮሆቦት ከምትሠራበት የአሳማ እርባታ ይዛኝ ሄደች፤ አፍንጫዬን በነጠላዬ ሸፍኜ ገባሁ። እርጉዞቹን እንደ ላምሽ ፉርሽካና ድርቆሽ ያጠግቧቸዋል። «እማ፣ የጠገበች እናት ረግታ ትተኛለች፤ ልጆቿን አትጨፈልቅም፤ እንገሯም ይበዛል» አለችኝ። አንዷ አሳማ ከወለደቻቸው መሀል ግን አንዲት ደቃቃ ግልገል ጡቱ ጋ መድረስ አቅቷት ልትሞት ሆነ። ሮሆቦት ሌላዋን እያዋለደች «እማ፣ ቶሎ አስጠቢልኝ!» ብላ ጮኸች። አማትቤ አነሳኋትና ጡቱን አስያዝኳት። ትልቁን ግልገል በእግሯ ገፍትራ መጥባት ስትጀምር ሳቄ አመለጠኝ። ሲራክ ልጄን ከቀበርኩ ወዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው። ሮሆቦት «እማዬ ሳቀች!» ብላ አለቀሰች።

የወረቀቱ ቦታ አለቀብኝ፤ ባልሽን ገላውንና ልጆቹን ሳሚልኝ። አሳማ መያዜን ለንስሐ አባታችን እኔው እነግራቸዋለሁ፤ እንዳትቀድሚኝ!

እንግዳወርቅ