«ዲስክ ያለው ከፊት» ለሚለው ማስታወቂያዎ፣ ከወገቤ ጋር ተማክሬ የጻፍኩት

ለክቡር ጋሼ ወልደ ሚካኤል
የነባር ብስክሌት ወዳጆች ማኅበር ሊቀ መንበር
ተክለ ሃይማኖት፣ ከጨርቅ ሱቅዎ በላይ ባለው ቢሮዎ

ክቡር ሆይ፣ ሰላምታዬ ከእግር ጥፍርዎ እስከ ራስ ፀጉርዎ (የቀረውን ማለቴ ነው) ይድረስልኝ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ደም ግፊትዎስ? ፈጣሪ ጤናዎን ያብዛልዎ፤ እርስዎ የታመሙ ዕለት ማኅበራችን ያለ ስብሰባ ያድራልና፣ ይህን ያህል ደስታ አባላቱ የሚችሉት አይመስለኝም። እኔ አልጋዬ ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ ወረቀቱን ወደ ጣሪያ ይዤ ስጽፍልዎ፣ ከወገቤ በስተቀር ደህና ነኝ።

አስቀድሜ ላሳውቅዎ የምወደው፣ ይህን የምጽፈው ቅናት ይዞኝ አለመሆኑን ነው። ቅናት እኔ ዘንድ አያድርም፤ ቢመጣም ቀን መጥቶ ቀን ይሄዳል። በዚህ ሰሞን ብቻ ትንሽ ሰንበት ብሏል።

ማኅበራችን ሲመሠረት፣ ብስክሌት ማለት ጥቁር፣ ከባድ፣ ጭቃ መከላከያው ሙሉ የሆነ፣ ፍሬኑም ከመሪው እስከ ቸርኬው በብረት ዘንግ የሚወርድ እንደሆነ በገዛ አንደበትዎ ደንግገው ነበር። እኔም ድንጋጌዎን አክብሬ፣ በየወሩ መጨረሻ እሑድ ከአውቶቡስ ተራ ወደ ተክለ ሃይማኖት ቁልቁል ስንወርድ ከፊት እመራ ነበር። የፊት መሪነት ጥቅሙ ምንድን ነው ለሚል አንባቢ ልግለጽ፦ ጉዟችን የሚያበቃው ሰብለ ወንጌል ጭማቂ ቤት በር ላይ ነው። የመጀመሪያውን ብርጭቆ አቮካዶ ከእጇ የሚቀበለው ፊት መሪው ሲሆን፣ ስትሰጠውም «እንኳን ደህና ገባህ» ትለዋለች። ሁለተኛው ሰው ጭማቂ ብቻ ይሰጠዋል።

እንግዲህ ቅሬታዎቼ እነሆ።

፩ኛ. የፕላስቲክ ዕቃ አስመጪው አባላችን ሃብታሙ፣ ስሙን ለማስከበር ብሎ ይመስለኛል፣ በጥቁር ብስክሌቱ ላይ ከፊትም ከኋላም የሚያብረቀርቅ ዲስክ ፍሬን አስገጥሞ ብቅ ሲል፣ እርስዎ መነጽርዎን ጠርገው፣ ያንን የሚያምዎትን ጉልበት አጥፈው፣ «ኧረ ይሄ ነገር ያምራል!» ማለትዎን በአክብሮት አስታውሳለሁ። ወንድማችንን ጃፋርን ቀይ ደወል አሰርክ ብለው ለአንድ እሑድ ከሰልፍ ያገዱት እርስዎ መሆንዎን ግን ማን እንደነገረኝ እንጃ፤ ሌላ ወልደ ሚካኤል ሳይሆን አይቀርም። በጋቢ ላይ ዚፕ ተተክሎ ቢያዩ «ያምራል» እንደማይሉ አምናለሁ፤ ጋቢው የሃብታሙ ከሆነ ግን አልምልም።

፪ኛ. የእኔ ፍሬን ሲይዝ ይጮኻል። ይህ ጉድለት ሳይሆን ትሕትና ነው፤ መጣሁ ብሎ ያስታውቃል። የምን አለሽ ተራ ቀጥቃጮች ሁሉ መዶሻቸውን ቢያነሡ እንኳ ከእነሱ በላይ ይሰማ ስለነበር፣ ሰብለ ወንጌል ገና ሳታየኝ መፍጫዋን ታስነሣ ነበር። የሃብታሙ ዲስክ እንደ ሌባ ድምፁን አጥፍቶ ይቆማል። እሷም በጆሮዋ መጠበቁን ትታ በዓይኗ መጠበቅ ጀመረች። በር ላይ ቆማ። ሹሩባ ተሠርታ። ለእኔ አንድም ቀን ተሠርታ አታውቅም፤ ይህን የምጠቅሰው ለመረጃ ያህል ነው።

፫ኛ. ባለፈው እሑድ «እስቲ ዛሬ ሃብታሙ ይምራና እንየው» ብለው በፈገግታ አዘዙ፤ ታዘዝን። ቁልቁለቱን ጨርሰን ጭማቂ ቤቱ ጋ ስንቃረብ ሰብለ ወንጌል እጇን አወዛወዘች፣ ሃብታሙም ባለበት ቀጥ አለ። ዲስክ እንዲህ ነው፤ ቁም ሲሉት ይቆማል። የእኛ ነባር ፍሬን ግን ከመቆሙ በፊት ያስባል፣ ይመክራል፣ ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌው ሳይመለስ ደረስን። ጃፋር በሃብታሙ የኋላ ጎማ ላይ፣ ሌላው በጃፋር ላይ ሲከመር፣ እኔ ልሸሽ ብዬ መሪዬን ብጠመዝዝ፣ ከአትክልት ተራ ሽንኩርት ጭኖ የሚመጣ ጋሪ ገጠመኝ። ጋሪ ገፊው ከሩቅ «ወገብ! ወገብ!» እያለ ነበር። በመርካቶ ሸክም የያዘ ሁሉ መንገድ ልቀቁ ሲል «ወገብ!» ማለቱ የታወቀ ነውና፣ እንደ ወትሮው ማስጠንቀቂያ መሰለኝ። ለካ ትንቢት ነበር።

ሽንኩርቱ ላይ እንደተዘረርኩ «ወይኔ! ተጎዳህ እንዴ?» የሚል የሰብለ ወንጌል ድምፅ ሰማሁ። እንደምንም ቀና ብል፣ የምትጠይቀው ሃብታሙን ነው። ሃብታሙ ከጫማው አቧራ በስተቀር የነካው ነገር አልነበረም፤ እሱንም አራገፈችለት። ዓይኔ ያነባ የነበረው በሽንኩርቱ ምክንያት መሆኑ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።

፬ኛ. ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ድንገት የቆመውን ይቆጣሉ ብለን ስንጠብቅ፣ በማግስቱ «ለደኅንነት ሲባል ከእንግዲህ ዲስክ ያለው ከፊት፣ ዲስክ የሌለው ከኋላ ይሰለፋል» የሚል ማስታወቂያ ለጠፉ። ለፍትሕዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጃፋር እንኳ ራሱ በፋሻ ታስሮ ደውሎ «ይስሐቄ፣ ዲስክ የለህማ፣ ወደ ኋላ!» ብሎ ሳቀብኝ።

ቀልዱ ግን ብዙ አልቆየም። ሐኪሙ የወገቤን ፊልም ወደ መብራት አንሥቶ ሲያየው ከቆየ በኋላ «ዲስክ አለብህ» አለኝ። ሌላ ሰው ይህን ሲሰማ ያለቅሳል። እኔ ግን «ዶክተር፣ እርግጠኛ ነዎት?» ብዬ እጁን ሳምኩት።

ክቡር ሊቀ መንበር፣ ማስታወቂያዎ ዲስኩ ከብስክሌቱ ይሁን ከባለ ብስክሌቱ አይለይም። ሃብታሙ ሁለት ዲስክ አለው፤ የእኔም የጀርባ አጥንት ዲስክ የተንሸራተተው በሁለት ቦታ ነው፤ በቁጥር እኩል ነን። በነባርነት ከሄድን ግን የእሱ ትናንት በካርቶን የመጣ ሲሆን የእኔ ከእናቴ ማሕፀን አብሮኝ የወጣ ነው፤ የነባር ዕቃ ማኅበር ከዚህ የበለጠ ነባር ዲስክ ከየት ያመጣል? ስለሆነም የፊት መሪነቴ እንዲመለስልኝ፣ ተነሥቼ እስክቀመጥ ድረስም ቦታዬ ባዶውን ከፊት እንዲሄድ፣ የመጀመሪያውም ብርጭቆ በሰብለ ወንጌል በራሷ እጅ እስከ ቤቴ እንዲመጣልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

ለሥልጣንዎ ዕድሜ፣ ለንግግርዎ ግን ፍሬን ይስጥልኝ እያልኩ፣ ጎንበስ ማለቱን ሐኪም ስለከለከለኝ በልቤ ብቻ እጅ እነሣለሁ።

ይስሐቅ
የማኅበሩ መሥራች አባል፣ የትናንት ፊት መሪ፣ የዛሬ ባለ ዲስክ

ግልባጭ፦
ለሰብለ ወንጌል ጭማቂ ቤት (ሃብታሙ ሁልጊዜ በሚቆምበት በኩል እንዲለጠፍ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ሳበቃ ሃብታሙ ሙዝ ይዞ ሊጠይቀኝ መጣ፤ ሰብለ ወንጌልን ከኋላው አፈናጥጧል። ትራስ ተደግፌ በመስኮት አየኋቸው። የእኛ ሰፈር መንገድ ሜዳ ነው፣ ዶሮ እንኳ አላለፈበትም፤ እሱ ግን ጥቂት ሄድ ባለ ቁጥር ፍሬን ይይዛል፣ እሱ ፍሬኑን በያዘ ቁጥርም እሷ ወገቡን ትይዛለች። ዲስክ ለምን እንደተፈለሰፈ ያኔ ገባኝ። እንግዲህ የመርሕ ተቃውሞዬ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ማስታወቂያውን ከመለጠፍዎ በፊት በነበረው ማታ እርስዎ ብስክሌትዎን በሸራ ሸፍነው ይዘውለት የገቡት የምን አለሽ ተራ ዲስክ ገጣሚ ስልክ ቁጥር ቢልኩልኝ፣ ምስጢርዎን ለማንም አልናገርም።