ሁለተኛ የሌላት ጉሬዛ

ንፋስ መውጫ
የካቲት 11 ቀን 1960 ዓ.ም.

ይድረስ ለክቡር የክርስትና አባቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ከጋይንት ወደ እስቴ ከተዛወሩ ወዲህ ብርዱ ጉልበትዎን እንዴት አድርጎታል? እንቅልፍስ ይወስድዎታል? ከብቱ፣ አዝመራው፣ የመካነ ኢየሱስ ገበያስ ደህና ነው? እኔ በአምላክ ቸርነት ደህና ነኝ። እናቴ ዘርፌም ደህና ናት፤ ከአባቴ ሞት ወዲህ ጥቁሯን ባታወልቅም ሰሞኑን እህል መቅመስ ጀምራለች። ለእርስዎም ዕድሜ ይስጥልኝ። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም፤ የማሳይዎት ነገር ስላለ እንዳይሞቱብኝ ነው።

ደብዳቤውን ያደረሰልዎ ሰው ምንም አያውቅምና አይቆጡት፤ ምሳ ያብሉልኝ።

እጄን ይዘው ትምህርት ቤት ያስገቡኝ እርስዎ ነዎት። አባቴ እርሻውን ማን ይረዳኛል እያለ ሲያንገራግር፣ "አበልጄ ተው፣ ይሄን ልጅ በሬ አታስከትለው" ብለው የለመኑልኝ እርስዎ ነዎት። ዛሬ ጎንደር አስተማሪ የተባልኩት በእርስዎ ነው። እንግዲህ የሚያነቡት ያስቆጠሩኝን ፊደል ነውና ቢመርዎት በራስዎ ይፍረዱ።

አሁን ስለ ጉሬዛ ላጫውትዎ።

መጀመሪያ የመጣች ዕለት ትዝ ይልዎታል መቼም። ገላዋ ጥቁር፣ ጣሪያዋ ነጭ፣ የጎማዋ ጠርዝ ነጭ፣ በሮቿ ወደ ኋላ የሚከፈቱ። ስሟን አንብቦ የሚጠራ ስላልተገኘ ሕዝቡ ጉሬዛ አላት። ጋይንት ላንድሮቨር አይቷል፣ የጭነት መኪናም አይቷል፤ እንዲህ ያለች ግን አላየም። እርስዎም ለመጣ ለሄደው ሁሉ "በጌምድር ቀርቶ በአገሩ ሁለተኛ የላትም" እያሉ መሪዋን ለሾፌር አልሰጥም ብለው ራስዎ ይነዷት ነበር። ክላክሷ ከሩቅ ሲሰማ የሚያርሰው እርፉን ይለቃል፤ በቅሎ ላይ ያለው ይወርዳል፤ ሁሉም ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ አደግድጎ፣ እስክታልፍ ድረስ መንገድ ዳር ጎንበስ ይላል። እርስዎ ይኑሩባት አይኑሩባት የሚያጣራ አልነበረም። ባለቤትዎ እትዬ ሐረገ ወይን ብቻ ከኋላ ወንበር ሆነው በመስኮት "ኧረ ቀና በሉ፣ አፈር ስሆን" ይሉ ነበር። እርስዎ ይህን አይወዱላቸውም ነበር።

አባቴ የሞተው አምና በጥር፣ ከገበያ ሲመለስ ነው። ከቁልቁለቱ በታች ገደል ውስጥ ተገኘ። እርስዎ ለቅሶው ላይ ከዘመድ ቀድመው ደረሱና "ወይ አበልጄ፣ ጠጅ ገደለህ!" ብለው አለቀሱ። ከዚያ ቀን ወዲህ አባቴ ፈንታ ሰክሮ ገደል የገባ ሰው ሆነ። በሰንበቴ እንኳ ከአንድ ዋንጫ የማያልፍ ሰው! ይኸው እስከ ዛሬ ገበያ ላይ የሚንገዳገድ ሲታይ "እንደ ፈንታ እንዳትሆን" ይባላል። እናቴ ጆሮዋ እየሰማ ጌሾዋን ሸጣ ትመለሳለች። እኔን ከሞቱ ይልቅ ያቃጠለኝ ይሄ ነው።

አባቴን የገነዙት የንስሐ አባታችን መምሬ ወልደ ሰንበት ግን ያዩትን አይተዋል። ጋቢው ወገቡ ላይ ተደግድጎ ነበር፤ ያውም በጥንቃቄ፣ ጫፉ ተሸጉጦ። ሰካራም ለገደል ያደገድጋል? የጋይንት ሰው በባዶ መንገድ ላይ ጋቢውን ከትከሻው የሚያወርደው ለማን ነው? እርስዎ ከኔ ይልቅ ያውቁታል። በጋቢው እጥፋት ውስጥ ደግሞ የመስታወት ስባሪ ተገኘ። ወፍራም ነው፣ መስመር መስመር አለው፤ የጠርሙስ አይመስልም። እናቴ በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝ፤ ከዚያ ወዲህ ከኪሴ ወጥቶ አያውቅም።

አሟሟቱን ለማጣራት አውጫጭኝ ሲቀመጥ ያኔ ምስለኔው እርስዎ ነዎትና ሰብሳቢውም እርስዎ ሆኑ። አገሬው ሜዳ ላይ ፀሐይ ሲመታው ዋለ። ነጋዴው ጋሽ አብዱልከሪም ብቻ ተነሥተው ቁልቁለቱ ላይ የቀጭን ጎማ ፈለግ ማየታቸውን፣ የእሳቸው የጭነት መኪና ፈለግ እንዳልሆነም ተናገሩ። እርስዎም "በዚህ አገር ካንተ በቀር ጎማ ያለው ማን ነው? የኔዋ እንደሆነች ከጥቅምት ጀምራ ጎንደር ጋራዥ ናት። አርፈህ ካልተቀመጥክ የምትታሰረው አንተ ነህ" አሏቸው። ከዚያ "ጉሬዛን በዚህ ሰሞን ያየ አለ?" ብለው ጠየቁ። አባ ወራው ሁሉ በተራ እየተነሣ አላየሁም ብሎ ማለ። ጭቃ ሹሙ ወርቁማ "አይቼ እንደሆነ ዓይኔን ያጥፋው" አለ። ለሽማግሌ በስውር ሹክ የሚል፣ ወፍ የምንለው ምስክር እንኳ ጠፋ። የአባቴ ደም ደመ ከልብ ሆኖ ቀረ።

ሙት ዓመቱን እንዳወጣን እናቴ የአንገቷን ጌጥና የአባቴን በሬዎች ሸጠች። ገንዘቡን እጄ ላይ አድርጋ "ምንሽር ገዝተህ ና፤ አለዚያ የፈንታ ልጅ ነኝ እንዳትል" አለችኝ። አልዋሽዎትም፣ እኔም ልቤ ቆርጦ ነበር። እዚያችው ቁልቁለት ላይ ድንጋይ ተንተርሼ ስጠብቅዎት በሐሳቤ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ጎንደር ተመልሼ ምንሽር አለው ወደተባለው ሰው ቤት ስሄድ በአንድ ጋራዥ ጓሮ አለፍኩ። ሸራ ከለበሰች መኪና ሥር ነጭ የጎማ ጠርዝ አየሁ። ሸራውን ስገልጠው ጉሬዛ ናት፤ አንድ ዓይኗ ጠፍቷል።

መካኒኩ ሽማግሌ ነው፤ የሚሰማው ሰው አጥቶ ኖሮ ምሬቱን ሁሉ ዘረገፈልኝ። የመጣችው በጥቅምት ሳይሆን ከጥምቀት በኋላ ነው። የፊት መብራቷን መስታወት ጎንደርም አስመራም አጥቶታል። በአገሩ አምሳያ ስለሌላት መለዋወጫም የላትም። ባለቤቷ "ራቅ ላለ ሰው ሽጥልኝ" ቢሉትም ዕቃ የማይገኝላትን መኪና ማን ይገዛል? የክርስትና አባቴ፣ እንደ ሰው ላንድሮቨር ነድተው ቢሆን ኖሮ በማግስቱ መስታወቱ ተቀይሮ፣ ከመሰሎቿ ጋር ተቀላቅላ ትጠፋልዎ ነበር። ሁለተኛ የላትም ያሉት እርስዎ ነዎት።

ቋጠሮዬን ፈትቼ ስባሪውን መብራቷ ላይ አስጠጋሁት። ገጠመ። መካኒኩም አጠገቤ ቆሞ አየ።

እዚያ ቆሜ ብዙ አሰብኩ። እርስዎ በጥይት ቢወድቁ ጌታ ሆነው ይቀበራሉ፤ አልቃሽ ያሞግስዎታል፤ እኔ ሽፍታ እባላለሁ። አባቴ ግን ሰካራም እንደተባለ ይቀራል። ስለዚህ በምንሽሩ ገንዘብ ጉሬዛን ገዛኋት። እናቴ ይህን ስትሰማ ፊቷን አዙራብኝ ነበር። አሁን ግን በየማለዳው አቧራዋን የምትጠርግላት እሷ ናት።

ጋሽ አብዱልከሪም ጎንደር ድረስ መጥተው መሪውን ያዙ። ደብረ ታቦርን አልፈን፣ ወደ ቤተ ልሔም መገንጠያው ላይ እንግዳ ለመጫን ጥቂት ቆምን። ከዚያ ባለፈው ቅዳሜ፣ ገበያው ጢም ባለ ሰዓት፣ ንፋስ መውጫ ገባን። ጋሽ አብዱልከሪም ክላክሱን ልክ እርስዎ እንደሚነፉት አድርገው ነፉት።

ምነው ባዩት ኖሮ! ገብስ የሚሰፍረው ቁናውን አስቀመጠ። የተቀመጠው ተነሣ። ወንዱ ሁሉ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ አደገደገ። ጭቃ ሹም ወርቁ፣ ዓይኔን ያጥፋው ያለው ሰው፣ ከሁሉ ፊት ሆኖ መሬት እስኪነካ ጎነበሰ። ያዘዛቸው የለም፤ እጃቸው ለምዶባቸው ነው። አስጎንብሼ ትንሽ አቆየኋቸው፤ ደስ አለኝ፣ አልደብቅዎትም። ከዚያ በሩን ከፍቼ የአባቴን ጋቢ በእጄ ይዤ ወረድኩ። ለማን እንደቆሙ ጠየቅኋቸው። አላየናትም ብላችሁ የማላችሁባት መኪና ይህች ናት፣ የማታውቋት ከሆነ ተቀመጡ አልኳቸው።

መቀመጥም መቆምም አቃታቸው። ወርቁ ጋቢውን ፈታና እንደ ሴት አለቀሰ። ያን ቀን ከቁልቁለቱ ማዶ አውድማው ላይ ሆኖ ሁሉን አይቷል፦ አባቴ ክላክስዎን ሰምቶ አደግድጎ መቆሙን፣ ጉሬዛ መንገዷን ስታ እሱን መምታቷን፣ እርስዎ ወርደው ዙሪያዎን ማየትዎን፣ ከዚያም እሱን ወደ ገደሉ መጎተትዎን። እሱ ከተናገረ በኋላ ያላየ ሰው ጠፋ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? ለእናቴም ዕለቱን ጌሾዋን የሚሸከምላት ሰው ተሻማ።

ከደብረ ታቦር አዲስ ዳኛ መጥቷል። ዐቢይ ጾም ሳይገባ፣ የፊታችን ሐሙስ፣ እዚያው ሜዳ ላይ አውጫጭኙ እንደገና ይቀመጣል። ለእርስዎ በእግር መምጣት ነውር ስለሆነ ጉሬዛን ከዚህ ደብዳቤ ኋላ አስከትዬ ልኬልዎታለሁ። ዘበኞችዎ ክላክሷን ሲሰሙ እንደ ልማዳቸው ሳይጠይቁ በሩን ይከፍታሉ። ውስጧ ያሉት ሁለቱ ፖሊሶች ጨዋ ልጆች ናቸው፤ አይፍሩ። እርስዎ የሚቀመጡት ከፊት ነው። የአባቴን ጋቢ እዚያ ወንበር ላይ እንደተደገደገ አኑሬዋለሁና አንሥተው ጭንዎ ላይ ይያዙልኝ። የኋላ ወንበሯን ሐሙስ ለሌላ ሰው ነው የያዝኩት።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ወርቁ ያየው ከሩቅ ነው፤ ሲጎተት እንጂ ሲናገር አልሰማም። ለካ አባቴ ገደሉ አፋፍ ላይ ነፍሱ አልወጣችም ነበር። "አበልጄ፣ ውሃ" ብሎዎት ነበር። ያን ቀን ማን አብሮዎት እንደነበረ አውጫጭኙ ላይ የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም ያኔ አልጠየቅሁም። አሁን ወፏ ተገኝታለች።

ለቤተ ሰብዎ፣ ለጎረቤቱም ሁሉ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ለእትዬ ሐረገ ወይን ግን አይድከሙ። ሱባኤ ልያዝ ብለው ቤተ ልሔም ከሄዱ መሰንበታቸውን፣ እርስዎም መመለሻቸውን እየጠበቁ መሆንዎን ሰምቻለሁ። ሰላምታዬን መገንጠያው ላይ በአካል አቅርቤላቸዋለሁ።

እግዚአብሔር እስከ ሐሙስ በጤና ያቆይዎ።

የክርስትና ልጅዎ፣
የአበልጅዎ የፈንታ ልጅ